ከመስተዋቱ ሥር የጠፋው የገና እትም

ሰው የሚወደውን ነገር በአደባባይ ሊያፍርበት፣ ለሌላውም ሊከለክለው ይችላል፤ ፍቅሩን ግን በዚህ አይገድለውም። ተደብቆ የተቀለበ ፍቅር ውሎ አድሮ ባለቤቱን ሌባ ያደርገዋል። በእንግሊዝ ባሕር ዳር ባለችው በሄስክሳንድ ከተማ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው፤ የሚያስቅ መሆኑም ምስክርነቱን አያጎድለውም።

ዓርብ ጠዋት የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት በር እንደ ተከፈተ፣ ሚስተር ከትበርት ፌርክላፍ እንደ ልማዳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ንባብ ክፍሉ ገቡ። በመስተዋቱ ሣጥን ላይ አጎነበሱ፤ ጥቂት ቆይተው ቀና አሉና ወደ ኃላፊዋ ዞሩ።

«ሚስ አስፒናል፣ እኔ የለሁም» አሏት።

«ምን ማለትዎ ነው? ይኸው ቆመዋል እኮ።»

«እዚህስ ቆሜአለሁ። እዚያ ውስጥ ግን የለሁም።»

ሚስ አስፒናል መነጽሯን አስተካክላ ቀረበች። እውነትም አልነበሩም።

ከትበርት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በመድረክም በፊልምም ሰውን ሲያስቁ የኖሩ፣ አሁን በባሕሩ ዳር በኪራይ ክፍል የሚጦሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ዘመን «ሆድህን ያዝ» የሚባል ባለሥዕል የልጆች የቀልድ መጽሔት በየሳምንቱ ይወጣ ነበር፤ ሠዓሊዎቹ የፊልምና የመድረክ ኮከቦችን እየሳሉ በየገጹ አዲስ ቅሌት ውስጥ ይከቷቸው ነበር። ከትበርትም ፈጽሞ ከማይከፈት ረጅም ጃንጥላቸው ጋር ለዓመታት ተስለውበታል። በጦርነቱ ወራት አሮጌ ወረቀት ሁሉ ለመንግሥት ይሰበሰብ ስለ ነበር ከዚያ ጊዜ እትሞች የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። አንድ የጋዜጣ ሱቅ ጣሪያ ሥር ሲጸዳ ዐሥር እትሞች ተገኙ፤ ለቤተ መጻሕፍቱም ተሰጡ። ከሁሉ የከበረው የገናው እትም ነበር፤ ከትበርት በፊት ገጹ ላይ፣ እንደ ተራራ ከተቆለለ የድንች ገንፎና እንደ ቀንድ ከተሰኩበት ቋሊማዎች ፊት ተቀምጠው ይታያሉ። ሌላ ቅጂ እንዳለው የሚታወቅ ሰው የለም።

እሱ ነው የጠፋው። ነገሩን ያከበደው ደግሞ ማግስቱ ነበር። ሄስክሳንድ የዕረፍት ወራት ሊያበቃ ሲል የባሕሩን ዳርቻ በሺህ አምፖል ታስጌጣለች፤ ማብሪያውን የመጫን ክብርም በየዓመቱ ለአንድ ዝነኛ ሰው ትሰጣለች። ለአትሌት ሰጥታለች፤ ለዘፋኝ ሰጥታለች፤ የአየር ሁኔታ ለሚያወራ የቴሌቪዥን ሰውም ሰጥታለች። ተወልደው ላደጉባት ለከትበርት ግን እስከዚያ ዓመት ሰጥታ አታውቅም። ነገ ማታ ተራው የእርሳቸው ነበር።

ኢንስፔክተር ክሌግ ሳጅን ኦግደንን አስከትሎ ሲደርስ የመስተዋቱ ሣጥን እንደ ተቆለፈ፣ ቁልፉም ከኃላፊዋ ጠረጴዛ ጀርባ በሚስማሩ ላይ እንደ ተንጠለጠለ አገኘው።

«ቁልፉ እዚያ መሆኑን ማን ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ።

«እውነቱን ልንገርህ? ከባሕር ወፎቹ በቀር ሁሉም» አለች ሚስ አስፒናል።

ትናንት ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስ ከቀትር በኋላ በሄስክሳንድ ሱቁም ቤተ መጻሕፍቱም ዝግ ነው። ቀትር ላይ የከተማዋ ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ሣጥኑን ፎቶ ሲያነሣ ዐሥሩም ነበሩ። ከዚያ በኋላ በጎን በር የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ራሳቸውን ለማየት የመጡት ከትበርት፣ ለመጽሔቶቹ ዋጋ እንዲገምት ከማንችስተር የተጠራው የአሮጌ ወረቀት ነጋዴ ፖምፍሬት፣ ወንበር ሊያስደረድሩ የመጡት የመብራት በዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሚስተር ትሬልፎል። ሚስ አስፒናል ጓዳ ሻይ ታፈላ ስለ ነበር ሦስቱም በየተራ ብቻቸውን ቆይተዋል።

በዚህ መካከል ሚስተር ትሬልፎል ራሳቸው ገቡ። በከተማዋ ትምህርት ቤት ከአንድ ትውልድ በላይ ርዕሰ መምህር የነበሩ፣ ጀርባቸው እንደ ማስመሪያ የቀና ሰው ናቸው።

«ክሌግ፣ ትከሻህን አቅና» አሉ።

ኢንስፔክተሩ ሳያስበው ትከሻውን አቀና። ኦግደን ሳቁን ወደ መሐረቡ መለሰ።

«ተጠርጣሪ ሰው የከተማዋን መብራት አያበራም» አሉ ሚስተር ትሬልፎል። «ድሮም ቀልደኛ ይጠራ ሲባል ድምፄን በተቃውሞ ሰጥቻለሁ። ዕቃው እስከ ነገ ቀትር ካልተገኘ ማብሪያውን ከንቲባው ይጫናሉ፤ ኮሚቴው ወስኗል።»

«ከትበርት ነው ያለ ሰው አለ እንዴ፣ መምህር?»

«በየጠዋቱ መጥቶ የገዛ መልኩን የሚሳለም ማን ነው? እኔ ነኝ?»

«እርስዎስ እትሙን ልብ ብለውት ነበር?»

«እኔ?» ሽማግሌው ከንፈራቸውን አጣመሙ። «ያን ቆሻሻ በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ገልጬ አላውቅም። ከልጆች የቀማሁት ሁሉ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ማሞቂያ ነው የገባው። ያንተም ጭምር፣ ክሌግ።»

«አስታውሳለሁ» አለ ክሌግ።

ከትበርት የሚኖሩበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሚስስ ሆልሮይድ በሩን ስትከፍት እጇ እስከ ክርኗ በዱቄት ተለውሶ ነበር።

«የእኔን ሽማግሌ ልትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ምሳውን ይብላ» አለች።

«ልንጠይቅሽ ብቻ ነው። ትናንት ማታ ያየሽው ነገር አለ?»

ሴትዮዋ ተቅበጠበጠች። «መዋሸት አልወድም፣ ሆዴ። ምድጃው ውስጥ ወረቀት ሲያቃጥል ነበር። ጠዋት አልጋውን ላነጥፍ ብል ደግሞ ከፍራሹ ሥር አንድ ነገር አለ፤ ዝርግ ነው፤ አትንኪብኝ ብሎ ጮኸብኝ። በዚህ ቤት ጮኾብኝ አያውቅም።»

ኦግደን ኢንስፔክተሩን አየው። ወደ ላይ ወጡ። ከትበርት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ምንም አልተቃወሙም፤ ፊታቸውን ብቻ ወደ ባሕሩ አዞሩ። ኦግደን ፍራሹን አነሣ።

ከሥሩ በሁለት ጋዜጣ መካከል በጥንቃቄ የተዘረጋ ጥቁር ሱሪ ነበር።

«ለነገ ነው» አሉ ከትበርት። «በፍራሽ ሥር ያደረ ሱሪ ያለው መስመር በካውያ አይገኝም። እሷ ካየችው ደግሞ ልተኩስልህ ትላለች፤ ባለፈው ሸሚዜ ላይ የካውያውን ቅርጽ አትማበታለች። እየሰማሽ ከሆነ ይቅርታ፣ ሚስስ ሆልሮይድ።»

«እየሰማሁ ነው» የሚል ድምፅ ከደረጃው መጣ።

«የተቃጠለውስ ወረቀት?»

«ንግግሬ ነው። ነገ የምናገረው። ሰባት ዓይነት ጻፍኩ፤ ሰባቱም አላሳቁኝም።» ወደ ምድጃው አመድ ጠቆሙ። «አሁን ደግሞ የሚናገረው ከንቲባው ከሆነ ባትደክም ይሻልህ ነበር በለኛ።»

«እነዚያን መጽሔቶች ድሮ ያነቧቸው ነበር?»

«ኧረ ወዲያ። ከእኔ ይልቅ ቀጭን አድርገው ይስሉኝ ስለ ነበር አላምናቸውም። የፊት ገጹን አይና ጃንጥላዬ መኖሩን አረጋግጬ ለጎረቤት ልጆች እሰጥ ነበር።» እንደ ገና ወደ ባሕሩ ተመለከቱ። «ልጄ፣ እናቴ እኮ ከዚያ ሰገነት ላይ ታቅፋኝ ነው መብራቱን ያሳየችኝ። አንድ ቀን እኔ አበራዋለሁ ብያት ነበር።»

ክሌግ ሱሪውን ራሱ መልሶ አነጠፈው፤ መስመሩ እንዳይዛነፍ እየተጠነቀቀ።

ፖምፍሬትን ያገኙት ባቡር ጣቢያው ላይ ነው። በብብቱ ውስጥ በቡኒ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ሰፊና ዝርግ ነገር ይዟል። ፖሊሶቹን ሲያይ ይበልጥ አጥብቆ ያዘው።

«ፍታው» አለ ኦግደን።

«የግል ንብረቴ ነው።»

«እኛም የግል ሰዎች አይደለንም። ፍታው።»

ጥቅሉ ሲፈታ የሁለት ጥንድ በጭስ የደረቀ ዓሣ ሽታ ጣቢያውን ሞላው። አጠገባቸው የቆሙ መንገደኞች ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ።

«ሚስቴ ዓሣ አትወድም» አለ ፖምፍሬት በኀፍረት። «ቢሮ ውስጥ ደብቄ ነው የምበላው።»

«ይህ እንኳ ወንጀል አይደለም» አለ ክሌግ። «ለቢሮው ሰዎች ግን አዝናለሁ። ግምቱን እንዴት አደረግከው?»

«ዘጠኙ ቀላል ነው፤ ቀናቸው ላያቸው ላይ አለ። ያስቸገረኝ አናቱ በመቀስ የተቆረጠው እትም ነው። አንድ ልጅ ለሽልማት ሊልከው የመጽሔቱን ስም ቆርጦ ወስዶታል፤ ቀኑም ቁጥሩም አብሮ ሄደ። ከትበርትም በዚያ ውስጥ ጃንጥላ የለውም። ከጦርነቱ በፊት ይሁን በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከፊቱና ከኋላው ባሉት ሳምንታት የወጡት እትሞች አንድም አልተረፉም። ስለዚህ ከሁሉ መጨረሻ አስቀምጪው አልኳት፤ ትናንት ጠዋት፣ ገና ክፍት ሳለ፣ ሰው ሁሉ ፊት ነው ያልኳት።»

ባቡሩ መጣ። ክሌግ ዓሣውን መልሶ ጠቀለለለትና ወደ ማንችስተር ያሰበውን ጉዞ ለነገ እንዲያስተላልፍ ለመነው።

ሁለቱ ፖሊሶች ምሳቸውን የበሉት በባሕሩ ዳር አግዳሚ ላይ ነው፤ ጥብስ ዓሣና ድንች፣ ኮምጣጤ በዝቶበት። ክሌግ ከጋዜጣው ቢሮ ያመጣውን ፎቶግራፍ ከኪሱ አወጣ።

«እየው። በፊት ግን እጅህን ጥረግ።»

ኦግደን በሱሪው ጠረገ። «ዐሥር መጽሔት ነው። ሚስ አስፒናል የደረደረችው።»

«በምን ሥርዓት?»

«ሥርዓትማ የለውም። አንዱ ከጦርነቱ በፊት፣ አንዱ በኋላ፣ ተደበላልቋል።»

«ጠይቄአታለሁ። ኮከቦቹ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ነው ያደረገችው፤ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ሌሊቱን ቢያድሩ ይከፋቸዋል አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ሣጥኑን ስናይ ግን ዘጠኙ እንዴት ነበሩ?»

ኦግደን ድንቹን ማኘክ አቆመ። «በየቀናቸው። ከድሮው ወደ ቅርቡ።»

«ሚስ አስፒናል አልነካኋቸውም ትላለች።»

«ሌባው ነው ያስተካከላቸው? አድራሻውን ስናገኝ ለባለቤቴ እንስጣት፤ የእኔን ቁም ሣጥን ያስተካክልላት።»

«ሊሸጥ የሚሰርቅ ሰው ነጥቆ ይሮጣል። ይህኛው ግን ሻዩ ፈልቶ ሴትዮዋ ልትመጣ ስትል፣ የልጇን ኮሌታ እንደምታቀና እናት የቀሩትን አስተካከለ። እንደ ተደበላለቁ ትቷቸው መሄድ አልቻለም።»

«እሺ፣ ቀኑን አንብቦ ደረደረ። ማንም ሊያደርገው ይችላል።»

«አናቱ የተቆረጠውንስ? በፎቶግራፉ ላይ ጥግ ላይ ነው። ዛሬ ያለው ግን በመካከል፣ በጦርነቱ መጀመሪያ በወጡት እትሞች ረድፍ ነው። ሌሎቹን በየቀናቸው ያኖረ እጅ ይህንን ብቻ በአጋጣሚ አያኖርም።»

«ስለዚህ ቀን የሌለውን ወረቀት ቀኑን የሚያውቅ ሰው አለ።»

«ከፊቱና ከኋላው የወጡትን ያነበበ ሰው። እነሱ ደግሞ በዓለም ላይ የሉም ይባላል።»

አንድ የባሕር ወፍ ከኦግደን እጅ የዓሣውን ጭራ ነጥቆ በረረ። ኦግደን በረጅሙ ሰደበው። ክሌግ ግን እንደ መንቃት ብሎ፣ «ነገ ጠዋት ሁሉንም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጥራልኝ» አለ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በንባብ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ከንቲባው የማዕረግ ሰንሰለታቸውን አጥልቀዋል፤ ነገሩ እስኪለይ ድረስ ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለባቸው ያላወቁ ይመስላሉ። ከትበርት ሱሪያቸውን ለብሰው ጉልበታቸውን ሳያጥፉ ቆመዋል። ፖምፍሬት ሽታው ያልለቀቀው ካፖርቱን ደርቧል። ሚስተር ትሬልፎል ሰዓታቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ለቀትር ብዙ የቀረ ነገር የለም፣ ክሌግ።»

«ገብቶኛል፣ መምህር። ሌባውን ገና አላገኘሁም። እስከዚያው ግን ለጎብኚዎች የሚሆነውን የማብራሪያ ካርድ ላስተካክል ብዬ ነው።» አናቱ የተቆረጠውን እትም ከሣጥኑ አወጣ። «ሚስ አስፒናል፣ እባክሽ ጻፊልኝ። ይህ እትም ከጦርነቱ በኋላ የወጣ ነው። ማስረጃውም በከትበርት እጅ ጃንጥላው አለመኖሩ ነው።»

ሚስ አስፒናል መጻፍ ጀመረች። ሚስተር ትሬልፎል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በዚያን ጊዜ አዲስ ሠዓሊ ተቀጥሮ ነበር» ብሎ ክሌግ ቀጠለ፤ «ጃንጥላውን መሳል ረሳ።»

ሚስተር ትሬልፎል ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሠዓሊው ግዴለሽ ስለ ነበር ብለሽም ጨምሪበት። መጨረሻ ላይ አስቀምጪው። በቀለም ይጻፍ፤ ለዘለዓለም የሚቆይ ነው።»

«ግዴለሽ አልነበረም።»

ሁሉም ዞሩ። የተናገሩት ሚስተር ትሬልፎል ናቸው።

«ይቅርታ፣ መምህር?»

«ሠዓሊው ምንም አልረሳም» አሉ፤ ድምፃቸው የመማሪያ ክፍል ድምፅ ሆነ። «ጃንጥላው የሌለው፣ በፊተኛው ሳምንት ፍየሏ ስለበላችው ነው። እትሙ የጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ከገና በፊት። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ሳትመረምር ትደመድማለህ።»

«ፍየል?» አሉ ከትበርት። «ጃንጥላዬን ፍየል በላችው? እንዴት ለእኔ ሳይነገረኝ?»

ክሌግ መጽሔቱን በዝግታ ወደ ቦታው፣ ሌባው ወዳኖረበት መካከል መለሰ።

«ያን የፍየሏን እትም አውቀዋለሁ፣ መምህር» አለ። «ከጠረጴዛዬ ሥር የቀሙኝ እርስዎ ነዎት። ፍየሏ ወደ ጃንጥላው አንገቷን እንዳሰገገች ገጹ አለቀ፤ ልገልጥ ስል ደረሱብኝ። ምን እንዳደረገች እስከ ዛሬ ጠዋት አላውቅም ነበር። ማሞቂያ ውስጥ የገባ፣ ማንም ያልገለጠው ወረቀት ደግሞ ይህን አይናገርም።»

ሚስተር ትሬልፎል ሰዓታቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ ከሌላው ኪሳቸው አንድ ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«በጥናት ክፍሌ» አሉ ማንንም ሳያዩ። «የፈተና ወረቀት ተብሎ የተጻፈባቸው ሣጥኖች አሉ። የገናው በላቲን መዝገበ ቃላት ሥር ነው፤ ጥጉ ታጥፎ ስለ ነበር እንዲቃና ብዬ ነው። ስታነሡት ተጠንቀቁ።»

ከትበርት ቀረብ አሏቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ግርምት ብቻ ነበር።

«ይህን ያህል ከወደዱኝ፣ ጌታው፣ ለምን በእኔ አሳበቡ?»

«ቀልደኛ ነህ» አሉ ሽማግሌው። «ሰው በአንተ ላይ ቢስቅ አዲስ ነገር አይሆንብህም ብዬ ነው።»

ይህ መልስ ከስርቆቱ የከፋ ነበር፤ ተናጋሪውም ከአፋቸው እንደ ወጣ ያወቁት ይመስላል። አንገታቸውን ደፉ።

በሣጥኖቹ ውስጥ የተገኘው ሁለቱን ፖሊሶች ለረጅም ጊዜ ወለል ላይ አስቀመጣቸው። ከትውልድ ትውልድ ከልጆች የተቀማ መጽሔት ሁሉ በየዓመቱ፣ በየሳምንቱ ተሰድሮ፣ የታጠፈው ተቃንቶ፣ የተቀደደው ተጣብቆ ነበር። በብዙዎቹ ጥግ ላይ የጋዜጣ ሱቁ ባለቤት ጋዜጣ በየቤቱ ለሚያድለው ልጅ በእርሳስ የጻፈው የቤት ቁጥር ይታያል።

«ግን ከመጀመሪያው እሳቸውን ጠርጥረው ነበር?» አለ ኦግደን።

«ዐሥር እትም እያለ ለምን የገናውን ብቻ ወሰደ? ሌሎቹን አይቶ ለማስተካከል እንኳ ጊዜ ነበረው፤ ከእነሱም ብርቅ የሆኑ ነበሩ። ፎቶግራፉን እያየሁ ነው የገባኝ። ሌሎቹ እቤቱ አሉ ማለት ነው። ሁሉም ኖሮት የገናው ብቻ የሚጎድለው ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው?»

ኦግደን በሣጥኖቹ ላይ ዓይኑን አዘዋወረ። እያንዳንዱ ዓመት ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይቋረጥና ከበዓሉ በኋላ ይቀጥላል።

«በገና ትምህርት ቤት ዝግ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የሚቀማው ልጅ የለም።»

«ማስረጃ ግን አልነበረኝም። ታዲያ በገዛ ወንድሙ ቀብር ላይ ቄሱን አቋርጦ የጥቅሱን ቁጥር ያረመ ሰው፣ በካርድ ላይ በቀለም የሚጻፍ ስሕተት ቆሞ አይሰማም ብዬ ተማመንኩ።»

ክሌግ የፍየሏን እትም አግኝቶ ነበር። ገጹን ገለጠና ብቻውን ሳቀ። ኦግደን ምን እንዳሳቀው ቢጠይቀው፣ «ለፖሊስ ሥራ አግባብነት የለውም» ብሎ መለሰለት።

ማታ የባሕሩ ዳር በሰው ሞላ፤ ዝናቡ አካፋ፤ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሚስስ ሆልሮይድ ከነሙሉ ተከራዮቿ ከፊት ቆማለች። ከትበርት በመድረኩ ላይ ወጥተው ድምፅ ማጉያውን ያዙ።

«ንግግር ጽፌ ነበር፤ አቃጠልኩት» አሉ። «እናቴ ግን ብትኖር ይህን ያህል ምን ታስጠብቃቸዋለህ ትለኝ ነበር።»

ማብሪያውን ተጫኑ። ከባሕሩ ዳርቻ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ድረስ ቀይና ቢጫ መብራት ተራ በተራ ሮጠ። ሽማግሌው እጃቸውን ከማብሪያው ላይ ለማንሣት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ያስቸኮላቸውም ሰው አልነበረም።

ሚስተር ትሬልፎል በስርቆት ጥፋተኛ ተብለው መቀጮ ተፈረደባቸው። ከኮሚቴው ሊቀመንበርነትም ከትምህርት ቤቱ ቦርድም ተሰናበቱ፤ በትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ በስማቸው የተሰቀለው ሰሌዳ ወረደ። የገናው እትም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰ። የቀሙትንም ሁሉ ለየባለቤቱ በገዛ እጃቸው እንዲመልሱ ታዘዙ፤ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጠረጴዛ ተዘርግቶላቸው በየቅዳሜው ተቀመጡ። ራሰ በራ ሥጋ ሻጮች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ አንድ ቄስና አንድ የፖሊስ ኢንስፔክተር ተሰልፈው እየቀረቡ ስማቸውን ተናገሩ፤ እርሳቸውም መጽሔቱን እየሰጡ ለእያንዳንዱ ይቅርታ ጠየቁ። ሰልፉ ያለቀው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው።